ለድንገተኛ ቀዶ ወሊድ የሚሰጥ ማደንዘዣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለት ወገን የሚመጡ ናቸው። የፊተኞቹ የወላዶችና የአስታማሚዎች ናቸው። የኋለኞቹ ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብቻቸውን ተረኛ ሆነው የሚያድሩ ወጣት አንስቴቲስቶች (ማደንዘዣ ሰጪ ባለሙያዎች) የሚጠይቋቸው ናቸው። የመድኃኒት መጠኖቹ ለባለሙያ የተጻፉ ስለሆነ አስታማሚ ቢዘላቸው አይጎዳም። ባለሙያው ግን የቤተሰቡን ጥያቄዎች ባይዘል ይሻላል፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሚያደናቅፈው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው።

"ድንገተኛ ነው" ሲሉን ምን ያህል ድንገተኛ ነው?

ሁሉም ድንገተኛ እኩል አይደለም። በብዙ አገሮች የሚሠራበት አመዳደብ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው የእናት ወይም የጽንስ ሕይወት እዚያው አደጋ ላይ የወደቀበት ነው፦ እትብት ከልጁ ቀድሞ ሲወጣ፣ ማህፀን ሲተረተር፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው ተላቆ ደም ሲፈስ፣ የጽንሱ የልብ ምት ወርዶ አልመለስ ሲል። እዚህ ላይ ከውሳኔው እስከ መውለድ ያለው ጊዜ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ጥረት ይደረጋል። ሁለተኛው ችግር ኖሮ ወዲያው ነፍስ የማያሰጋ ነው፤ ምጡ አልገፋ ብሎ ጽንሱ መድከም ሲጀምር፣ ለምሳሌ። ለዚህ እስከ 75 ደቂቃ ይታሰባል። ሦስተኛው እናትም ልጅም ደህና ሆነው ቶሎ መውለድ የሚያስፈልግበት ሲሆን አራተኛው በቀጠሮ የሚሠራው ነው።

ደረጃው ለአንስቴቲስቱ በቁጥር ይነገረው። "ኢመርጀንሲ ነው፣ ቶሎ በል" የሚል ጥሪ ከማስሮጥ አልፎ የሚነግረው ነገር የለም። ደረጃው ደግሞ ይለወጣል። በግራ ጎኗ ስትተኛና የምጥ ማፋጠኛው ኦክሲቶሲን ሲዘጋ የጽንሱ የልብ ምት የሚመለስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እናቲቱ የኦፕራሲዮን አልጋው ላይ ከወጣች በኋላ፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ የጽንሱ ልብ አንዴ እንደገና ይደመጥ። አንደኛ ደረጃ ተብላ ገብታ ሁለተኛ ሆና የምትገኝ ሴት ጥቂት አይደለችም።

የጀርባ መርፌ ወይስ ሙሉ ማደንዘዣ? ማን ይወስናል?

የሚወስነው አንስቴቲስቱ ከቀዶ ሐኪሙና ከእናቲቱ ጋር ሆኖ ነው። የሚከለክል ምክንያት ከሌለ የመጀመሪያው ምርጫ የጀርባ መርፌ ነው፤ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን። ብዙ ሰው "ከቸኮሉ ያስተኟታል" ብሎ ያስባል። ነገር ግን የለመደ እጅ የጀርባ መርፌን ሐኪሙ ታጥቦ ጓንት እስኪያጠልቅ ድረስ ይጨርሰዋል።

ሙሉ ማደንዘዣ የሚፈራበት ምክንያት ሌላ ነው። የነፍሰ ጡር ጉሮሮ ያብጣል፤ ደም ግፊት ያለባትና ረጅም ምጥ ላይ የቆየች እናት ዘንድ ይብሳል። የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ይከብዳል። ማህፀኑ ሳንባን ወደ ላይ ስለሚገፋ በሳንባ የሚቀመጠው የኦክስጅን ስንቅ ትንሽ ነው፤ ትንፋሽ ከቆመ ኦክስጅኗ ካልረገዘች ሴት በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጨጓራዋ ሙሉ ነው ተብሎ ይታሰባል። የጨጓራ አሲድ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያደርሰውን ጉዳት አሜሪካዊው ሐኪም ኩርቲስ ሜንዴልሰን በ1946 በወላዶች ላይ ገልጾታል። እስከ ዛሬ ድረስ "የበላሽው መቼ ነው?" ተብሎ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ የግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች የታወቁ ናቸው፦ ብዙ ደም ፈስሷት ግፊቷ የወረደ እናት፣ ደሟ የማይረጋ ወይም ፕላትሌቷ (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) በጣም ያነሰ፣ ራሷን የሳተች ወይም እየተንዘፈዘፈች ያለች፣ መርፌው የሚገባበት ቆዳ ላይ ቁስል ያለባት፣ የጀርባ መርፌውን እምቢ ያለች፣ ወይም መርፌው ተሞክሮ ያልያዘላት።

የጀርባ መርፌው እንዴት ነው የሚሰጠው? ያማል?

እናቲቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ እግሯ በርጩማ ላይ ያርፋል። ትራስ ታቅፋ፣ ትከሻዋን ጥላ፣ አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ ወገቧን እንደ ደጋን ወደ ኋላ ታጎብጣለች። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ይይዛታል። ምጥ ሲመጣባት "መጣብኝ" ትበል፤ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ሳያስጠነቅቁ መንቀሳቀስ ነው መርፌውን የሚያበላሸው።

ጀርባዋ በአዮዲን ወይም በአልኮል ይጸዳል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በቆዳ ላይ ጥቂት ሊዶካይን ይወጋል፤ ከሁሉ የሚቆጠቁጠው ይኼኛው ነው። ከዚያ ቀጭኑ መርፌ በወገብ 3ኛና 4ኛ ወይም 4ኛና 5ኛ አጥንቶች መካከል ይገባል። የአከርካሪ ነርቭ ግንዱ ራሱ የሚያበቃው ከዚያ በላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚደርሰው በውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ የነርቭ ጭራዎች ያሉበት ቦታ ነው። እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ጠብ ሲል ወደ 2 ሲሲ የሚሆን መድኃኒት ይሰጥና ወዲያው ትተኛለች። እግሯ ይሞቃታል፣ ይከብዳታል፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ እስከ ደረቷ ይደነዝዛል። አንስቴቲስቱ አልኮል በነከረ ጥጥ ከታች ወደ ላይ እየነካ ይፈትሻል፤ ቅዝቃዜው እስከ ጡት ጫፍ ድረስ ካልተሰማት ቢላዋ መነሳት ይችላል።

ከቀዶው በኋላ ዕድሜ ልኬን ወገቤን ያመኛል የሚሉት እውነት ነው?

ከሁሉ አብዝቶ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ እናቶችም የጀርባ መርፌን እምቢ የሚሉት በዚሁ ነው። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀን ሊጠዘጥዝ ይችላል። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን ከመርፌው ጋር እንደማይያያዝ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። በእርግዝና ጊዜ ጅማቶች ይላላሉ፣ ወገብ ይጎብጣል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ማጥባት፣ ልጅ ማዘልና ውኃ መሸከም አለ። በምጥ የወለደችውንም ወገቧን ያማታል፤ እሷ የምታመካኝበት መርፌ ስለሌላት ብቻ ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚያስመልሱ ምልክቶች ግን አሉ፦ ከ6 ሰዓት በኋላም ያልተመለሰ የእግር ድንዛዜ፣ ተመልሶ እንደገና የደከመ እግር፣ የሽንት ቱቦው (ካቴተሩ) ከወጣ በኋላ ሽንት አልመጣ ማለት፣ ትኩሳት ያለው ኃይለኛ የጀርባ ሕመም። በአከርካሪ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ወይም መግል ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው።

ራስ ምታት እንዳይመጣ 24 ሰዓት ያለ ትራስ መተኛት አለብኝ?

የለብዎትም። ይህ ምክር አሁንም በየዋርዱ ይሰማል፤ ራስ ምታቱን እንደሚከላከል ግን አልተረጋገጠም። እንዲያውም እናቲቱን ከማጥባትና ከመንቀሳቀስ ያግዳታል።

ራስ ምታቱ የሚመጣው መርፌው በከፈተው ቀዳዳ የአከርካሪ ውኃ ሲያንጠባጥብ ነው። ስለዚህ ወሳኙ የመርፌው ቅጥነትና የጫፉ ቅርጽ ነው። ቀጭኑ 25 ወይም 27 ቁጥር፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነ መርፌ ብዙም አያስከትልም፤ ወፈር ያለው 22 ቁጥር፣ ጫፉ ስለታም የሆነው አብዝቶ ያስከትላል። መለያው ግልጽ ነው፦ ሲቀመጡ ወይም ሲቆሙ ይነሳል፣ ሲተኙ ይለቃል፤ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ ይጀምራል። ፓራሲታሞል፣ በቂ ፈሳሽና ቡና ያስታግሱታል። ካልተሻለ ከራሷ ክንድ የተቀዳ ደም በጀርባዋ የሚሰጥበት ሕክምና አለ። ተኝተውም የማይለቅ፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም መንዘፍዘፍ ያለበት ራስ ምታት ግን የመርፌው አይደለም፤ ደም ግፊትዎ ይለካ።

በቀዶው ጊዜ ምን ይሰማኛል?

መነካካት፣ መጎተት፣ ልጁ ሲወጣ ደግሞ ሆድ ላይ ከባድ ግፊት። መንቀጥቀጥና ማቅለሽለሽም የተለመዱ ናቸው፤ ማቅለሽለሹ ብዙ ጊዜ ደም ግፊት መውረዱን የሚያሳብቅ ስለሆነ ወዲያው ይናገሩ። ስለት የሚመስል ሕመም ግን መኖር የለበትም። እዚህ ላይ ጨዋነት ይጎዳል፦ ምጡን ችላ የመጣች እናት ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። "ያመኛል" ማለት የእናቲቱ መብት ነው፤ "ቻል አድርጊው" ደግሞ የማደንዘዣ ዓይነት አይደለም። ቀዶው ቆሞ ተጨማሪ መድኃኒት ይሰጣታል፤ እሱም ካልበቃ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ ይኬዳል።

አስታማሚው ምን ይዞ፣ ምን ነግሮ ይምጣ?

መጀመሪያ እውነቱን። ምጥ ላይ ሳለች አጥሚት ወይም ሻይ ጠጥታ ከሆነ፣ ምጡ እንዲለሰልስ ተብሎ ተልባ ከተሰጣት፣ ጸበል ከጠጣች ሰዓቱን ጨምራችሁ ተናገሩ። ማንም አይቆጣም፤ ጥንቃቄውን ያጠብቃል እንጂ። ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዳ የገጠማት ችግር፣ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የመድኃኒት አለርጂ፣ የምትወስደው ደም ማቅጠኛ ካለ ይነገር። የሚነቀል ጥርስ ይውጣ፤ የተነቃነቀም ካለ ይጠቆም።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። የኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ የሚነበበው በብርሃን ነው፤ ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል መለኪያው ወደ ሌላ ጣት ወይም ወደ ጆሮ ይዛወራል። ከኋላ በትልቁ የተቋጠረ ፀጉር ጭንቅላቷ በትክክል እንዳይተኛ ስለሚያደርግ ከመግባቷ በፊት ይፈታ። ማተቧ መበጠስ የለበትም፤ የብረት መስቀል ካለው በፕላስተር ይሸፈናል።

ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱ ከእጅ አይለይ። አዋላጇ የሰጠችው ማግኒዥየም፣ ኦክሲቶሲን ወይም የሕመም ማስታገሻ በሰዓትና በመጠን ካልተጻፈ ሆስፒታሉ ሊደግመው ይችላል። በአምቡላንስ ውስጥ በግራ ጎኗ ትተኛ። እትብት ወጥቶ ከሆነ አዋላጇ በጓንት እጇ የልጁን ጭንቅላት ወደ ላይ እንደያዘች ትምጣ፤ እትብቱን ግን ወደ ውስጥ ለመመለስ አይሞከርም።

ስምምነቱን የምትሰጠው ራሷ እናቲቱ ናት። ባል፣ አማት፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ማስጠበቅ ከ30ው ደቂቃ ላይ ይቀነሳል። የምትሰጡት ደም ካለ ግን ያን ጊዜ ወደ ደም ባንክ መሄድ ይቻላል።

ሙሉ ማደንዘዣ ልጁን ይጎዳዋል?

መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፤ ልጁ ደከም ብሎ፣ ለመተንፈስ ዘግይቶ ሊወለድ ይችላል። ይህ ዘላቂ ጉዳት አይደለም፤ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አድርቆና አነቃቅቶ፣ ካልተነፈሰ በሕፃን አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) የሚያስተነፍሰው ሰው ካለ። ስለዚህ ልጁን የሚቀበለው ሰው ከእናቲቱ ጋር ሌላ ሥራ የሌለው መሆን አለበት። አንስቴቲስቱ እናቲቱን ትቶ ወደ ልጁ መሮጥ የለበትም።

መቼ እበላለሁ፣ መቼ አጠባለሁ?

ማጥባት ነቅተው ልጁን ማቀፍ እንደቻሉ ይጀመራል፤ ከጀርባ መርፌ በኋላ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥም ይቻላል። ወተት አልቦ መድፋት አያስፈልግም። ውኃና ሻይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ አጥሚትና ለስላሳ ምግብ ካላቅለሸለሸዎት ከዚያ ይቀጥላል፤ "ፈስ እስኪወጣ" መጾም የቆየ ልማድ ነው። እግርዎ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ሰው ይዞዎት ይነሱ፤ ቶሎ መንቀሳቀስ በእግር ደም ሥር ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ለሕመም ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ በሰዓታቸው አብረው መሰጠት ይችላሉ። ትራማዶልና ኮዴይን ለምታጠባ እናት አይመከሩም፤ የግድ ከተሰጡ ልጁ ከወትሮው በላይ እንዳይተኛ፣ መጥባትም እንዳይሰንፍ ይታይ።

የምወልደው ውጭ አገር ነው። እዚያ ይለያል?

በአሜሪካም በአውሮፓም ብዙ ወላዶች ምጥ ላይ ሳሉ ኤፒዱራል የሚባለውን ቀጭን ቱቦ በጀርባቸው ያስገባሉ። በደንብ እየሠራ ያለ ኤፒዱራል ድንገት ቀዶ ቢያስፈልግ በዚያው ቱቦ ጠንከር ያለ መድኃኒት ተጨምሮበት ይበቃል። "አንድ ወገን ብቻ ነው የደነዘዘኝ" የሚል ነገር ካለ ገና ምጥ ላይ ሳሉ ይናገሩ። አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባል ወይም ልጅ እያስተረጎመ የሚፈረም የማደንዘዣ ስምምነት ጥሩ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያሉት የባለሙያዎቹ ናቸው።

ተረኛ ስሆን ሳይጠሩኝ ምን ዝግጁ ላድርግ?

የተረኝነቱ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ለዚህ ይዋል። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደቀረው፤ ኮንሰንትሬተር ካለህ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ አትርሳ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ዛሬ ማታ ግቢ ውስጥ አለ? ሰክሽኑ ይስባል? አልጋው ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል? አምቡ ባግ ከማሽኑ ጎን ተሰቅሏል? ላሪንጎስኮፑ ሁለት ምላጭ፣ ተጨማሪ ባትሪና አምፖል ይኑረው። ቱቦ 6.5 እና 7፣ ማጠንከሪያ ሽቦ፣ የሚሆን ላሪንጂያል ማስክ ይዘጋጅ። ሱክሳሜቶኒየም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ነው፤ ፍሪጁ ለሳምንት ጠፍቶ ከነበረ በዚያ መድኃኒት አትተማመን።

ፀረ ተሕዋስያኑ፣ ሴፋዞሊን ወይም አምፒሲሊን 2 ግራም፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ነው የሚገባው። እትብት እስኪቆረጥ መጠበቅ አሮጌ ልማድ ነው።

ከጀርባ መርፌ በኋላ ግፊቱ ሲወርድ ምን ላድርግ?

እንደሚወርድ ቆጥረህ ጀምር። 18 ወይም 16 ቁጥር ካኑላ፣ መርፌው ሲሰጥ አብሮ በፍጥነት የሚገባ 1 ሊትር ሪንገር ላክቴት ወይም ሳላይን። ከተኛች በኋላ በቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ ወይም የታጠፈ አንሶላ አስገብተህ ወደ ግራ 15 ዲግሪ አዘንብላት። ልጁ እስኪወጣ በየደቂቃው ለካ። ከመነሻዋ በ20 በመቶ እስኪወርድ አትጠብቅ።

ፌኒልኤፍሪን ካለህ ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ግራም። ልቧ ቀስ ብሎ የሚመታ ከሆነ ኤፌድሪን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም። ከ50 በታች ከሆነና ግፊቱም ከወረደ አትሮፒን 0.5 ሚሊ ግራም። ሁለቱም የግፊት መድኃኒቶች ከሌሉ 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን በ100 ሲሲ ሳላይን በጥብጥ፤ 1 ሲሲ 10 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ከዚያ ግማሽ ወይም 1 ሲሲ እየሰጠህ ለካ። ከረጢቱ ላይ በማርከር በትልቁ ጻፍበት፤ ያልተጻፈበት የአድሬናሊን ከረጢት እንደ ተራ ሳላይን ተከፍቶ ሊፈስ ይችላል።

የጀርባ መርፌውን መድኃኒት መጠን በተመለከተ፦ ከባዱ 0.5 በመቶ ቡፒቫኬይን ከ2 እስከ 2.5 ሲሲ፣ ማለትም ከ10 እስከ 12.5 ሚሊ ግራም። ፌንታኒል ከ10 እስከ 15 ማይክሮ ግራም ከጨመርክ ወደ 2 ሲሲ ዝቅ በል። አጭር እናት ላይ 1.8 ይበቃል።

"ጣቴ ደነዘዘ፣ መተንፈስ ከበደኝ" ስትለኝስ?

እጄን ጨብጪው በላት፤ ድምጿንም ስማ። ጠንክራ ከጨበጠችና በሙሉ ድምፅ ካወራች ኦክስጅን ሰጥተህ አረጋጋት፤ ደረቷ ስለደነዘዘ ትንፋሿ አይታወቃት ይሆናል። ጭብጧ ከላላና ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ከወረደ ድንዛዜው አንገት ደርሷል። ለቡድኑ ንገር፣ በማስክ አስተንፍሳት፣ ግፊቷን በአድሬናሊን ያዝ፣ ቱቦ አስገባ። መድኃኒቱ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ እስከዚያ ትንፋሽና ግፊት ከተያዘላት ትድናለች። ጭንቅላቷን ከፍ ማድረግ መድኃኒቱ ከረጋ በኋላ አይረዳም፤ ግፊቱን ግን ይጥለዋል።

ሙሉ ማደንዘዣ ስሰጥ ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን?

ሆዷ ተቀብቶ፣ ጨርቁ ተሸፍኖ፣ ሐኪሙ ቢላዋ ይዞ ሳለ ነው የምታስተኛት። ጊዜ ካለ ሜቶክሎፕራሚድ 10 ሚሊ ግራም ስጥ፤ ሶዲየም ሲትሬት ካለህ 30 ሲሲ ትጠጣ። ትከሻዋና ጭንቅላቷ ከፍ ይበል፤ ጆሮዋ ከደረቷ አጥንት ጋር እስኪስተካከል። በጥብቅ በገጠመ ማስክ ለ3 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን፤ ጊዜ ከሌለህ 8 ረጃጅም ትንፋሽ። ኬታሚን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ደም ፈስሷት ከሆነ ግማሹ፤ ወይም ታዮፔንታል ከ4 እስከ 5። ወዲያው ጡንቻ ማሰሪያው ሱክሳሜቶኒየም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም በኪሎ። ረዳቱ የማንቁርት ቀለበቱን ይጫን፤ እይታህን ከጋረደ ግን ያላላ። ቱቦው መግባቱን ካፕኖግራፍ ካለ በእሱ፣ ከሌለ በሁለቱም ደረትና በሆድ ላይ በማዳመጥ አረጋግጥ። "ቀጥሉ" የሚለው ቃል ከአንተ አፍ እስኪወጣ ቢላዋ አይነሳም።

ሁለት ጊዜ ሞክረህ ካልገባ ለቡድኑ ጮክ ብለህ ንገር፦ "ቱቦ አልገባም።" ሦስተኛው ሙከራ ከአንተ የበለጠ ልምድ ላለው ሰው ብቻ ነው። በላሪንጂያል ማስክ ወይም በማስክ ኦክስጅኗን ያዝ። ከተያዘ ለመቀጠል ወይስ ለማንቃት ከሐኪሙ ጋር ወስን፤ የእናቲቱ ነፍስ ለቀዶው ካልተንጠለጠለ ማንቃት ይሻላል። በምንም መንገድ አየር ካልገባ በአንገት ፊት በቢላዋ መክፈት ነው። እናቶች የሚሞቱት ቱቦ ስላልገባ ሳይሆን ኦክስጅን ስላልደረሳቸው ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ የማስተኛ ጋዙ ሃሎቴን ከ0.5 በመቶ አይለፍ፤ ማህፀንን ያላላል፣ ደም ያስፈስሳል። ጨርሶ መዝጋት ደግሞ ጡንቻዋ ታስሮ ነቅታ እንድትሰማ ያደርጋታል።

ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት ሕመም) ካለባትስ?

ነቅታ የምታወራ ከሆነና ፕላትሌቷ ከ80 ሺህ በላይ ከሆነ የጀርባ መርፌ ለእሷም ይሻላል። ሙሉ ማደንዘዣ ግድ ከሆነ ኬታሚንን ተወው፤ ግፊቱን ይጨምራል። ቱቦ ሲገባ ግፊቷ ጣሪያ እንዳይነካና በጭንቅላቷ ውስጥ ደም እንዳይፈስ አስቀድመህ ሃይድራላዚን 5 ሚሊ ግራም ቀስ ብለህ ስጥ። ማግኒዥየም የወሰደች እናት ላይ ቬኩሮኒየምና መሰሎቹ ረጅም ጊዜ ይሠራሉ፤ መጠኑን ቀንስ። የጉልበት ሪፍሌክሷ ከጠፋ ወይም ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 በታች ከወረደ ማግኒዥየሙን አቁም፤ ትንፋሿ እየቆመ ከሆነ 10 ሲሲ ባለ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ቀስ ብሎ ይገባል።

ደም መፍሰሱ ሲበዛ ኦክሲቶሲንና ደም ማቆሚያውን ትራኔክሳሚክ አሲድ እንዴት ልስጥ?

ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በአንድ ግፊት በደም ሥር አይሰጥም፤ ደም ሥሮችን አስፍቶ ግፊቱን ይጥላል፣ ደም ባነሳት እናት ላይ ልብ ያቆማል። 3 ዩኒት በ30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 20 ዩኒት በ1 ሊትር ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚፈስ። ኤርጎሜትሪን 0.2 ሚሊ ግራም በጡንቻ፤ ደም ግፊት ላለባት ግን አይሰጥም። ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የትራኔክሳሚክ አሲድ አምፑል በጀርባ ከሚሰጠው ቡፒቫኬይን ጋር ይመሳሰላል፤ በተሳሳተ እጅ በጀርባ ተሰጥቶ እናቶች ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ስለዚህ ስህተት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በጀርባ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ የጀርባና የእግር ኃይለኛ ሕመም፣ የእግር መፈናጠር፣ ቀጥሎ መንዘፍዘፍ ይመጣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ሁለቱ በአንድ ትሪ ወይም በአንድ ሳጥን አይቀመጡ። ትራኔክሳሚኩ ከማደንዘዣው ጠረጴዛ ይውጣ። የጀርባውን መድኃኒት ራስህ ቅዳ፤ ከመስበርህ በፊት የአምፑሉን ጽሑፍ ጮክ ብለህ አንብብ፣ ነርሷም ትድገመው። በመለያ ቀለሙ ወይም በተለመደው ቦታው አትመን፤ አቅራቢው ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል።

ዋርድ ከገባች በኋላ ምን ይጠበቃል?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የማህፀን ጥንካሬና የፓዱ ደም ይታያል። ወጣት እናት ብዙ ደም ፈስሷት እንኳ ግፊቷን ይዛ ትቆያለች፤ የልብ ምቷ ቁጥር ከላይኛው የግፊት ቁጥር ከበለጠ ግን እየደማች ነው ብለህ ተነስ። ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሲሲ አይነስ። ብርድ ልብሱ ይገለጥ፤ የፈሰሰው ደም የሚጠራቀመው ከጀርባዋ ሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም። ርክክቡ በወረቀት ብቻ ሳይሆን አልጋዋ አጠገብ በቃል ይደረግ፦ ምን ማደንዘዣ፣ ምን ያህል ደም ጠፋ፣ ኦክሲቶሲኑ ስንት ቀረው፣ የሕመም መድኃኒቱ ቀጣይ ሰዓት መቼ ነው።